በጽጌረዳዋ ሥር የገባው ሰርዶ

ዲላ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ በረንዳቸው ፊት ለፊት አንድ መደብ አበባ አላቸው። መሀል ላይ ያለችውን ጽጌረዳ ሲዳሩ ከእናታቸው ደጅ፣ ከፍስሐ ገነት ከተማ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ነው ያመጧት። እናትየው አርፈዋል፤ ደጁም ዛሬ ሱቅ ተሠርቶበታል። የዚያች ጽጌረዳ ዘር ሌላ ቦታ የለም።

ባለቤታቸው፣ ጋሼ፣ ለእንግዳ መቀመጫ ይሆናል ብለው ግቢው ላይ ሰርዶ አስተከሉ። ሰርዶው ብዙም ሳይቆይ እየተሳበ አበባው ውስጥ ገባ። ጋሼ ተስፋ ቆረጡ። የወለል ቴራዞ ገዝተው ግድግዳው ሥር ደረደሩና፣ "እስከ ፋሲካ ካልጸዳ መደቡን በዚህ አስነጥፈዋለሁ" አሉ። "ሰርዶን ከአህያ በቀር ማን ችሎት ያውቃል?"

"እንግዲያው አንተ ውረድና ጋጠው!" አሉ እትዬ።

እትዬ እንሰትና ቡና ሥር ያደጉ ሰው ናቸው። በጌዴኦ ጓሮ የታጨደ አረም አይጣልም፤ እዚያው ተነጥፎ መሬቱን ያለብሳል። ሰርዶውንም እንደዚያው ቆራርጠው መደቡ ላይ አነጠፉት። ዝናብ መጣ። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ሳጠና (ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የማታ ትምህርት የጀመርኩት) ጠሩኝ። አጎንብሰን አየን። የተቆረጠው ሁሉ በየአንጓው ነጭ ሥር አውጥቷል። የሚናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አየሽ ልጄ፣ ጠላቴን በገዛ እጄ ዘራሁት!"

ስህተቱን እንዲህ በሳቅ የሚቀበል ሰው ብዙ አላየሁም።

በጋ ሲገባ እንደገና ጀመሩ። ዶማ ይበጥሰዋል ብለው ባለ ሁለት ጥርስ መቆፈሪያ ያዙ። አፈሩን እያላሉ፣ ሥሩን እያባበሉ ከነጫፉ ይስቡታል። የወጣውን ፀሐይ እንዲያደርቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉት። የእኔ ድርሻ ድንበሩ ነበር። ጠማማ መስመር ስለማልወድ ሲባጎ ወጥሬ በሣሩና በአበባው መካከል ቦይ ቆፈርኩ።

ጽጌረዳዋ ጋ ስንደርስ ሰርዶው ከሥሯ ጋር እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል።

"ይተዋት እትዬ፣ ብትደርቅስ?"

"ብተዋትም መድረቋ አይቀርም። ቀስ ብላ ነው እንጂ።"

ነቀሏት። ሳፋ ውስጥ ሥሯን እንደ ሕፃን ራስ አጠቡ፤ የሰርዶውን ክር አንድ በአንድ መዘዙ። እሳቸው ረጋ ብለዋል። መልሰው ተከሏትና ደረቅ የእንሰት ቅጠል አለበሷት።

ቅጠሏ ሁሉ ረገፈ። እትዬ ጠዋት ጠዋት ቆመው ያይዋታል፤ አይነኳትም፣ አያማርሩም።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ከግቢው ጩኸት ሰማሁ።

"አንቺ! ነይማ! አቆጥቁጣለች እኮ!"

ጋሼ ነበሩ፤ ተንበርክከው።

በማግስቱ ያንን ቴራዞ ተሸክመው እያመጡ፣ ሰርዶው እንዳይሻገር በቆፈርኩት ቦይ ውስጥ በጎኑ አቆሙት። እትዬ ከኋላቸው ቆመው፣ "ጠሟል" አሉ።

"የቱ ጋ?"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ሲባጎዬን ወጥሬ አየሁ።

"ጠሟል፣ ጋሼ" አልኩ።