ለቅሶ ላይ የተቀመጠው ፓፍቦል

ባለቤቴ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንደ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነበር። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ስለነበር፣ ከተሳፋሪ የሰማውን የማያውቀውን ቃል መዳፉ ላይ ጽፎ ቤት ይመጣል። ከዚያ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይፈልገዋል። "ፓፍቦል" የሚለውን ቃል ግን ያመጣው ከተሳፋሪ አይደለም፤ ከጎረቤታችን ነው።

ውሻው የመጣ ሰሞን ነበር። አብሮት የሚሠራ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ትቶለት ሄደ። ነጭ፣ ክብ፣ ከጸጉር በቀር ምንም ያለው የማይመስል ትንሽ ውሻ። እኔ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ምንጣፍ ላይ አይተኛም ተብዬ ነው ያደግሁት።

"ወይ እሱ ወይ እኔ" አልኩት።

"ሁለታችሁም ትቆያላችሁ፤ ጠባያችሁ አንድ ነው" ብሎኝ ገመዱን ይዞ ወጣ። በሯ ላይ የቆመችው አሜሪካዊት ጎረቤታችን ውሻውን አይታ "ይሄ ፓፍቦል የማን ነው?" አለችው። ሲመለስ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ።

መጀመሪያ ያገኘው እንጉዳይ ነው። በክረምት ሣር ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ሆኖ የሚወጣው፣ ከደረቀ በኋላ ሲረግጡት ቡን ብሎ ዱቄቱን የሚተፋው። ያውቀዋል። ልጅ ሳለ ደብረ ብርሃን ቅልጥሙን ቆርቆሮ ቆርጦት፣ ደሙ አልቆም ሲል እናቱ ያንን ዱቄት ነስንሳበታለች። ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ። ሠላሳ ዓመት ሳየው የኖርኩትን ጠባሳ፣ እንደ አዲስ። ቀጥሎ የአበባ ዘር መጣ፤ ጥጥ መስሎ ቆይቶ እፍ ሲሉት የሚበተነው። ቀጥሎ ጉርድ ቀሚስ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ መሀሉ የሚነፋው።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ መጀመሪያ ቤተሰቡ ፊት የቀረብኩት እንዲያ ያለ ቀሚስ ለብሼ ነው። በመጀመሪያው የመምህርነት ደመወዜ ፒያሳ ያሰፋሁት ሰማያዊ። ታላቅ እህቱ ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ "ቀሚስሽ ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?" አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በሳምንቱ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ ተመለስኩ።

መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር "ትንሽ ጸጉራም እንስሳ" የሚል አገኘ። "ይሄን ነበር ፊት ማስቀመጥ" ብሎ መጽሐፉ ላይ ተናደደ። ለውሻው ሌላ ስም ሳናወጣለት ቀረን።

ባለፈው ሐምሌ ባለቤቴ ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ሳሎናችን መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝ። የቤተ ክርስቲያን ተጣጣፊ ወንበሮች መጡ። ሰዉ ከሺፍት ሲወጣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ባጁ ደረቱ ላይ እንዳለ፣ የውሃ ካርቶን ተሸክሞ ይገባል። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ከቦታው አይነሳም፤ ያጎርሱታል፣ ይደግፉታል፣ ያስለቅሱታል። እኔም አልተነሳሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ያሉኝን ብቻ አደረግሁ።

ውሻው በሰው እግር መሀል እየዞረ እያንዳንዱን ጫማ ያሸታል። የማንን ጫማ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የባለቤቴ እህት ጥቁር ነጠላቸውን ሰብስበው "ውሻ ባለበት ቤት መልአክ አይገባም። የነፍስ አባታችሁም ሊመጡ ነው" አሉና ከሳሎኑ ጎን ያለው የመኪና ማደሪያ ጋራዥ እንዲያስገባው አንዱን ሰው አዘዙ። በክፋት አልነበረም። አዲስ አበባ ቢሆን ጓሮ ይታሰርና ጥላ ሥር ይተኛ ነበር። እሳቸው የሚኖሩት ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር፣ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ጋራዥ የላቸውም፣ እንዴት እንደሚግልም አያውቁም።

አንዲት ሴት ሙሾ ታወርዳለች። ከሙሾው ሥር የውሻው ጥፍር የጋራዡን በር ሲቧጭር ይሰማኛል። ከዚያ ቧጨራው ቆመ።

"እፎይ፣ ተኛ" አለች አጠገቤ የተቀመጠችው።

ያን ቀን ውጭው በፋራናይት መቶ አስራ ሁለት ዲግሪ ነበር፤ ጋራዡ ደግሞ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ካቻምና በዚሁ በሰመር ሙቀት እዚያ የረሳሁትን አንድ እሽግ ጧፍ ያገኘሁት ቀልጦ ድፍን ሰም ሆኖ ነው። ተነሳሁ።

ሁለት ሴቶች ክንዴን ያዙኝ። ደረቴን ልደቃ፣ ራሴን መሬት ላይ ልጥል መስሏቸዋል።

"አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ። ያዟት።"

"ልቀቁኝ።"

"አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

"ጋራዥ ልሄድ ነው" አልኩ።

ለቀቁኝ፤ ከመገረም ይመስለኛል። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ውሻው ከደረጃው ሥር በጎኑ ተዘርግቷል፤ ምላሱ ሲሚንቶው ላይ ነው። ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ እንጂ አልተነሳም። ተሸክሜው ወጥ ቤት ገባሁ። ማጠቢያው በሰሃን ተሞልቶ ስለነበር፣ ሰው ያመጣውን የፕላስቲክ ውሃ እየከፈትኩ አፈሰስኩበት፤ ስድስት ይሁን ሰባት ጠርሙስ። ጸጉሩ ሲረጥብ ቆዳው ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ ያለው ውሻ ክንዴን አያክልም። ሁለት ዓመት የተጣላሁት ከዚህ ጋር ነው። ትንሽ ቆይቶ ከመዳፌ ውሃ ላሰ።

ሰው "የባሏ ማስታወሻ ስለሆነ ነው" ይላል። ይበል። ውሻውን ያን ጊዜ አልወደውም ነበር። ባሌን ማዳን አልቻልኩም፤ ስልኩ ሲደወልልኝ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ይሄኛው ግን የፈለገው አንድ በር መክፈት ብቻ ነው።

በጥቁር ነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ፍራሹ ተመለስኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሙሾ አውራጇ ግጥሟን አቋረጠች።

"የወንድሜን ለቅሶ የውሻ ለቅሶ አደረግሽው" አሉ እህቱ።

"እትዬ፣ አንድ ሞት ይበቃኛል።"

"ውሻ ነው እኮ።"

"የእሱ ውሻ ነው። ይውጣ ከመባሉ በፊት እኔ ልጠየቅ ይገባ ነበር።"

"ሐዘንተኛ ምን ይጠየቃል?"

"ቤቱ የማን ነው?" አልኩ። ሰው ፊት እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ ከጥጉ ሆኖ፣ ጫማውን እያየ፣ "ሟች ቢኖር ኖሮ ጋራዥ የምንገባው እኛ ነበርን" አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቁን በነጠላ ሸፈነ።

የነፍስ አባታችን የደረሱት ያኔ ነው። ደፉ ላይ ቆመው አዩን።

"ልጄ፣ ለጸሎቱ ያህል ይውጣልን።"

"አባ፣ አሁን ከውጭ ነው የመጡት፤ ሙቀቱን አይተውታል። እሱ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ።"

አባ ወደ በረንዳው ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው "እንግዲያው እሷ ትቀመጥ፤ እኛ እንውጣ" አሉ። ለቀስተኛው ተነሥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። እኔ ውሻውን ታቅፌ ከተከፈተው በር ውስጥ ቆምኩ። ጸሎት እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። እህቱ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አፈጠጡብኝ።

በአርባው ማግስት እህቱ ሄንደርሰን ከሚባለው ጎረቤት ከተማ አንዲት ሴት ይዘው መጡ። ሴትየዋ የውሻ መሸከሚያ ሳጥን አንጠልጥላለች።

"ደግ ሰዎች ናቸው፤ ልጆችም አሏቸው" አሉ። "አንቺም ታርፊያለሽ። ማኅበርተኞችሽ ቤትሽ አንገባም ብለዋል።"

"አይግቡ።"

"ብቻሽን ልትቀሪ ነው?"

"እትዬ፣ ብቻዬን ከቀረሁ አርባ አንድ ቀኔ ነው።"

ለሴትየዋ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋት፤ ያን ሁሉ መንገድ በመልፋቷም ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳጥኑ ባዶውን ተመለሰ።

ከማኅበሩ ሴቶች ሦስቱ እውነትም መግባት አቆሙ። መጠየቁን ግን አልተዉም። ቤቴ ፊት ለፊት ፓርክ አድርገው፣ ኤሲውን ሳያጠፉ፣ ይደውሉልኛል፤ "ውጪልን፣ እንይሽ" ይላሉ። እወጣለሁ። ውሻውንም ይዤ እወጣለሁ። በመኪናው መስኮት እናወራለን፤ ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ የሰው ወሬ ይነግሩኛል፣ ከእሱ በቀር ሁሉንም ያያሉ።

የባለቤቴ እህት ብቻቸውን ነው የሚመጡት፣ በየእሑዱ። ባለፈው እሑድ የመኪናቸውን መስኮት ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርገው ውሻውን ከራሱ እስከ ጭራው አዩት።

"ከስቷል" አሉ።

"አልከሳም፤ ለሙቀቱ ጸጉሩን አስቆርጬው ነው።"

"ማን አስቆርጪ አለሽ?"

"ማንም አላለኝም" አልኳቸው።