ላ ቨርኔት ላይ የማይቆመው ኬብል ካር

አንሴልምን ያገኘሁት የዓመቱ የበረዶ ሸርተቴ በተከፈተበት ዕለት ነው። አውቶቡስ አምልጦኝ ላ ቨርኔት መንደር ቆሜ ሳለሁ፣ ፊቱ ብርድ ያቀላው ሽማግሌ ከአንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ በረዶ በአካፋ ይዝቃል። ከራሳችን በላይ አዲሱ ኬብል ካር ሰው ጭኖ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሽው ይላል።

«ይኼ እዚህ አይቆምም እንዴ?» አልኩት።

«ላሞቼም እሱኑ ነው የሚጠይቁኝ» አለና አካፋውን ተደግፎ ያወጋኝ ጀመር።

አንሴልም በሙቀቱ ወራት ላም ያልባል፤ በረዶ ሲጥል በበረዶ ተንሸራታቾችን ሽቅብ የሚያወጣውን ሊፍት ይቆጣጠራል። እነሱ ዘንድ አምስቱ የተራራው መንደሮች በሸርተቴ መንገድ ሳይገናኙ በፊትም በአይብ የተያያዙ ነበሩ። የሁሉም ላም ወተት ለአይብ በአንድ ትልቅ የመዳብ ድስት ይጣዳል፤ ጎረቤቴ ውሃ ቀላቅሎ ይሆን ብሎ የሚመረምር የለም። ወተት አብሮት ያፈሰሰን ሰው ወረቀት ፈርም ማለት ስድብ ነው።

ታዲያ ከሦስት ዓመት በፊት የድስት ባልንጀራው ሴራፌን፣ ዛሬ የሊፍቶቹ አለቃ፣ «ምሰሶዎቹን መስካችሁ ላይ አስተክሉን፤ ኬብል ካሩ ላ ቨርኔት ይቆማል» ሲለው፣ አንሴልም እጁን ጨበጠና አበቃ። ከዚያም ማዳም ፊሎሜን ዘንድ ሄደ። ባላቸው ሞተውባቸው በዚህችው ማረፊያ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

«እንግዳው ደጅዎ ድረስ ይመጣልዎታል» አላቸው።

«አንተ ካልክ እሺ» አሉና መስካቸውን ሰጡ።

ምሰሶዎቹ ተተከሉ። ጣቢያው ግን ሳይሠራ ቀረ። አንሴልም ሴራፌን ቢሮ ድረስ ወጣ።

«መሐንዲሶቹ እኮ ናቸው» አለ ሴራፌን፤ «ጣቢያ ከተጨመረ ጉዞው አራት ደቂቃ ይረዝማል አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል? ያኔ ወረቀት ብትጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ የማሳያቸው ነገር ይኖረኝ ነበር።»

«ብጠይቅህ ትቀየመኝ ነበር።»

ሴራፌን በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። «አዎ» አለ፤ «እቀየምህ ነበር።»

አንሴልም ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው የማረፊያውን ደጅ የሚጠርገው እሱ ነው። ማዳም ፊሎሜን በመስኮት ያዩታል፤ ግባና ትኩስ ነገር ጠጣ ማለቱን ግን ትተዋል።

አውቶቡሴ ሲመጣ፣ «የካዳቸው ሴራፌን መሆኑን ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«በዚህ ነገር እሳቸው ሴራፌንን መች ያውቁታል?» አለኝ። «ቃል የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»