በቅቤ የተቀባው ብሎን

የእኔ ጠመንጃ ከኋላው አይጎርስም። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ ጫፍ ገብተው፣ በዘንግ እየተገፉ ነው ታች የሚደርሱት። የኋላውን ቀዳዳ የሚደፍነው አውራ ጣት የሚያህል ብሎን ነው። ከተኮሱ በኋላ እሱን ፈትቶ ማውጣት፣ ጥርሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ለእሱ የተሠራውን ግሪስ መቀባት፣ ከዚያ በጣት ብቻ አዙሮ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሰውን መላ ቅጡን ሊያሳጣው እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም።

ጠመንጃውን የገዛሁት ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳ ከነበረ አሜሪካዊ ነው። አደን ያስለመደኝም እሱ ነው። ኔቫዳ ውስጥ አጋዘን ለማደን መሣሪያና ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ ዕጣ ይወጣል። በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ የራሱ ዕጣና የራሱ ወቅት አለው፤ ወቅቱ መስከረም ላይ ይከፈትና ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል። እኔ የማመለክትበት ፈቃድ ደግሞ ለወንዱ፣ ለባለ ቀንዱ ብቻ ነው፤ እንስት መምታት አይቻልም። አመለከትኩ፣ አልደረሰኝም። ደገምኩ፣ አሁንም የለም። ባለቤቴ "ዲቪ ደርሶህ የለ እንዴ? ይሄን እንኳ ለሌላው ሰው ተውለት" እያለች ትስቅብኝ ነበር። አባቴ በመጡ በሁለተኛው ዓመት ደረሰኝ።

አባቴ ከወሎ የመጡት የግሪን ካርዳቸው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ነው። በመጡ ሰሞን ዓይናቸውን አስመረመርናቸው፤ ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ይህ በሽታ ዓይንን የሚበላው ከዳር ነው። መሃሉ ይቀራል፤ ሰውየው ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሆኖ ይኖራል፣ ከዚያ ቀዳዳውም ይጠብባል። ሐኪሟ ጠብታ አዘዘችና "ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን፤ የሚመጣው ዓመት ላይ ምን እንደሚያዩ ግን ቃል አልገባም" አለችኝ። ይህን ለአባቴ ስተረጉም መጨረሻውን አለሳለስኩት። እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት።

የምንኖረው ቬጋስ ውስጥ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ከጓሯችን የሚታየው የብሎኬት አጥር ነው፤ ከአጥሩ በላይ ደግሞ የጎረቤት ጣሪያ አለ። አባቴ ጓሮው ውስጥ ወንበር አውጥተው አጥሩን ሲመለከቱ ይውላሉ። ፈቃዱ እንደደረሰኝ የነገርኳቸው ቀን ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ልጄ፣ እኔንም ውሰደኝ" አሉኝ። "በጉብዝናዬ ድኩላ ከጫካ ብቅ ሲል ሳይ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ዓይኔ ሳይዘጋ፣ አንድ ጊዜ አውሬ በገዛ ሜዳው ሲሄድ ልይ። አንተ ቢስሚላህ ብለህ ትተኩሳለህ፣ እኔ አያለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደኑ የእኔ መሆኑ ቀረ።

ሐምሌ ላይ ጠመንጃውን ለመሞከር ተኩስ ሜዳ ሄድን። ነጩ ጭስ ቡፍ ባለ ቁጥር አባቴ ጥላው ሥር ሆነው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ከሥራ ተደወለልኝ፤ ሰው ቀርቶባቸዋል፣ ኦቨርታይም ግባ አሉኝ። ጠመንጃው ደግሞ ሳይጸዳ ማደር የለበትም፤ የባሩዱ ጥቀርሻ እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላል።

"ሂድ፣ ለእኔ ተወው" አሉ አባቴ። "አንተ ሳትወለድ ነው ጠመንጃ መወልወል የጀመርኩት።"

እውነታቸውን ነው። የአባታቸውን ምንሽር ሲወለውሉ ነው ያደጉት። መፍቻውን ሰጠኋቸው፣ ብሎኑን በጣታቸው አስነካኋቸው፣ "በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ ግሪሱ መደርደሪያው ላይ ነው" ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ ጠመንጃው ግድግዳውን ተደግፎ ያብረቀርቃል፤ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። "እጅዎ ይባረክ አባባ" አልኳቸውና ጋራዥ ውስጥ ካለው የብረት ቁም ሳጥን ከትቼ ቆለፍኩበት። የቬጋስን ክረምት የማያውቅ ሰው የዝናብ ወራት ይመስለዋል፤ የእኛ ሐምሌ ግን ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ሻማ ያጎብጣል።

ወቅቱ ሲቃረብ ጠመንጃውን አወጣሁ። ባዶ መሆኑን በዘንጉ አረጋገጥኩና ብሎኑን በጣቴ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። መፍቻ አመጣሁ፤ እምቢ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አርከፈከፍኩበት፣ አሳደርኩት፤ እምቢ። የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ እምቢ። እኔ ደሜ ቶሎ የሚፈላ ሰው ነኝ። መፍቻው አዳልጦኝ ጣቴን ሲልጠው ዕቃውን ሁሉ ወርውሬ ጋራዡን በእንግሊዝኛ ስድብ ሞላሁት፤ በአማርኛ እንዳልሳደብ አባቴ አጠገቤ ነበሩ።

"አብሽር" ይሉኛል። "ብረት አይደል? ይለምደዋል፣ ይፈታል።"

ከሺፍት ስመለስ ሁልጊዜ እዚያው አገኛቸዋለሁ። ጠመንጃውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ በዘይት ጣሳው ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። አንድ ቀን ድምፅ ሳላሰማ ቆሜ አየኋቸው። ጠብታው ብሎኑ ላይ አልነበረም የሚያርፈው። ወደ ጎን እየሄደ ሱሪያቸው ላይ ነበር የሚወድቀው፤ እሳቸው ግን በጥንቃቄ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ጣሳውን ተቀብዬ "ይረፉ አባባ፣ እኔ ልተካዎት" አልኩ።

በመጨረሻ ጠመንጃ የሚጠግን ሽማግሌ ዘንድ ወሰድነው። ሰውየው በመብራት ሲያየው ቆየና ጠርዙን በመርፌ ጫረው፤ ቡናማ ቅርፊት ወጣ። አሸተተው።

"በምንድን ነው የቀባችሁት?" አለኝ።

ወደ አባቴ ዞሬ "አባባ፣ ብሎኑን ምን ነበር የቀቡት?" አልኳቸው።

"ቅቤ ነዋ!" አሉ በኩራት። "የመደርደሪያውን ግሪስ ባገኘው እንኳ አልቀባውም ነበር። እኛ ዘንድ ደህና ጠመንጃ በቅቤ ነው የሚወለወል። ፍሪጅ ውስጥ ንጹሕ ቅቤ አገኘሁ፤ እሱን ጥርሱ ውስጥ ገባ ገባ አደረግሁና፣ እንዳይላላብህ በመፍቻው ጥብቅ አድርጌ አሰርኩልህ።"

ተረጎምኩ። ሽማግሌው አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። "ጨው ያለው ነው የሌለው?" አለ። ቤታችን ያለው ቅቤ ልጆቼ ዳቦ ላይ የሚቀቡት ነው፤ ጨው አለበት። አባቴ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ለእሳቸው ቅቤ ቅቤ ነው፣ በኮባ ተጠቅልሎ ከገበያ የሚመጣው፣ ጨው የሚባል የማያውቀው።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጨውና የባሩድ ጥቀርሻ አንድ ላይ ብረቱን በልተውታል፣ ሙቀቱ ደግሞ ቅቤውን አብስሎ እንደ ሙጫ አድርጎታል፣ በዚያ ላይ በመፍቻ ጠብቋል። "ይህ ብሎን በጣት ነው የሚገባው፤ የሚይዘው ጥርሱ እንጂ የሰው ጉልበት አይደለም" አለ። አሁን በኃይል ቢሞከር ጥርሱ ይላጫል፣ ከዚያ ጠመንጃው የግድግዳ ጌጥ ነው። እየነከረና በልኩ እያሞቀ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ወቅቱ ደግሞ ሊከፈት ነው።

"ምን አለ?" አሉ አባቴ።

"ሙቀቱ ነው አለ፣ አባባ። የቬጋስ ሙቀት ነው ያጣበቀው።"

"ሙቀት ብረት ያላላል እንጂ ያጣብቃል እንዴ?" አሉ። ጠመንጃውን ለሽማግሌው ትቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ማድቤት ስገባ አባቴ ቆመዋል። ቅቤው ተገልጦ ፊታቸው ተቀምጧል። በቢላዋ ጫፍ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ለካ ሽማግሌው "ሶልት" ሲል ሰምተውታል። ለደም ግፊታቸው ሐኪም በሄዱ ቁጥር "ኖ ሶልት" ስለሚባሉ ከሚያውቋቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷ እሷ ናት።

"ጨው አለበት" አሉኝ።

ክፍት የቀረውን የፍሪጅ በር ዘጋሁት።

"እዚህ አገር ቅቤ ላይ ጨው የሚጨምረው ማነው?"

"ሁሉም፣ አባባ።"

"ለምን?"

አላወቅሁም። እስከ ዛሬም አላውቅም። ቅቤውን ጠቅልለው ወደ ፍሪጁ መለሱና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ጋራዥ ውስጥ አይቻቸው አላውቅም፤ የጓሮው ወንበርም ባዶውን ይውል ጀመር።

ባለቤቴ "ሌላ ግዛና ተገላገል" አለችኝ። ልገዛ ሄጄ ነበር፣ ሱቁ ድረስ። ግን አዲስ ጠመንጃ ይዤ ቤት መግባት፣ የእርስዎ ነገር አይሆንም ብሎ ፊታቸው ላይ መናገር መስሎ ታየኝ። ባዶ እጄን ተመልሼ ጠየቅኋቸው። "አትግዛ" አሉኝ። "እኔ መብላት አማረኝ አላልኩህም፤ ማየት ነው ያልኩህ። ሽማግሌው ካደረሰው ደግ፣ ካላደረሰው እንዲሁ እንሄዳለን።"

በየእረፍቴ ለሽማግሌው እደውላለሁ። "ገና ነው" ይለኛል። ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ ስንቱን ዕቃ ያለ ቦታው አስቀመጥኩ። ሰውየውን እንዳልቆጣው ጥፋት የለበትም። አባቴን እንዳልቆጣ አባቴ ናቸው፤ ቢሆንስ በፍቅር የተሠራን ሥራ ምን ብለው ይቆጡታል? ብሎኑ የወጣው ወቅቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ወቅቱ ሊዘጋ ሲል፣ በመጨረሻው ቅዳሜ ያለ ጠመንጃ ሄድን። ኤፔክስን አልፈን፣ በረሃውን አልፈን፣ ወደ ሰሜን ለሰዓታት ነድተን ተራራው ሥር ደረስን። አባቴ ከመኪናው እንደወረዱ አየሩን ሳብ አደረጉና "ጥድ ነው!" አሉ። እውነትም ጥድ ነበር፤ ተዳፋቱን ሞልቶታል። ክንዳቸውን ይዤ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰርግ ቤት እንደተጠራ ሰው ቀና ብለው ጠበቁ።

ፀሐይ ገና ከፍ ሳትል አንዲት አጋዘን ከጥዶቹ መሃል ወጣች። እንስት ናት፤ ጆሮዋ እንጂ ቀንድ የላትም። ሜዳው ላይ ቆማ ቅጠል ትለቅም ጀመር።

"አባባ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ከትልቁ ጥድ በስተግራ።"

ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ።

"እዚህ ጋ፤ ጣቴን ይከተሉ።"

ጣቴንም አላገኙትም። ፊታቸው አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ መሬት ይሄዳል። ያኔ የአባቴን ጭንቅላት በሁለት እጄ ያዝኩት፤ በዕድሜዬ እንዲህ ደፍሬ ነክቻቸው አላውቅም። ቀስ እያልኩ፣ ወደ እሷ አዞርኩት። እሷ ግን በዚህ መሃል ጆሮዋን አቁማ፣ ሁለት ጊዜ ዘለል ብላ፣ ጥዶቹ ውስጥ ገባች። ሜዳው ባዶ ሆነ። እጆቼ እንደያዟቸው ነበር።

"አየሁት!" አሉ አባቴ። "ማሻ አላህ! ቀንዱ እንዴት ያምራል!"

"ያምራል፣ አባባ" አልኩ።

ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና "ጠመንጃው በእጅህ ቢኖር ዛሬ የአንተ ነበር" አሉ። "ስንት ዓመት የጠበቅኸውን፣ እኔ በቅቤ አበላሸሁብህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ምንም አላስመለጡኝም ለማለት፣ ቀንድ አልነበራትም ማለት አለብኝ። ቀንድ አልነበራትም ለማለት ደግሞ፣ አባባ አላዩም ማለት አለብኝ። ያ ጠብታ ያረፈበት ሱሪያቸው አሁንም ዘይት ዘይት ይሸት ነበር።

"ይቅር ብያለሁ" አልኳቸው።