ከሸጎሌ እስከ ልጅ ልጄ፦ ያለ ደጋፊ የሄድኩት መንገድ

ንጋት፣ ሸጎሌ

ሌላው ሰው አርባ ምንጭ ወይም ሐረር ደርሶ መጥቶ ይጽፋል። የእኔ ጉዞ ከሸጎሌ ተነስቶ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል፣ ጉለሌ ዳገት ላይ እስካለው የልጄ ቤት ነው። ለጤነኛ ሰው ወግ አይወጣውም። እኔ ግን ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ብቻዬን ከቤት ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከግራ ጆሮዬ በስተውስጥ፣ ሚዛን የሚጠብቀው ነርቭ ላይ ዕጢ በቅሎብኝ ነበር። ክፉው ዓይነት አይደለም፤ ግን እያደገ ስለሄደ ወጣ። የግራ ጆሮዬ መስማትም አብሮ ሄደ። ያን ሰሞን ምድር እንደ ጀልባ ትናወጥብኝ ነበር፤ ግድግዳ ይዤ እንኳ እወድቅ ነበር።

ልጄ ፋጡማ በዚህ ሳምንት ወንድ ልጅ ወለደች። ዛሬ ስም ይወጣለታል። «ሼሁ ፊት ይዘሽው የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ እማ» ብላኛለች። እስካሁን ተቀምጬ እንጂ ቆሜ አልታቀፍኩትም። ብጥለውስ?

ባለቤቴ ሙዘሚል በር ላይ ቆሟል። «ላድርስሽ?»

«በጭራሽ! አንተ ሱቁን ዘግተህ ከዘመድ ጋር ትመጣለህ።»

መንገዱን ወደ ገበያ የሚነዱ በጎች ሞልተውታል። የሚተራመስ ነገር ሳይ ነው ራሴ የሚዞረው። ከፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ በጎቹን በእግሬ እየገፋሁ አለፍኩ። አንዱ በግ ቀሚሴን ሊበላ ሞከረ።

ማለዳ፣ ታክሲ ውስጥ

ሹፌሩ «ማዘር፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። የማልሰማበት ጆሮ በእሱ በኩል ሆነ። አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ «እናንተስ ደህና ናችሁ?» አልኩ። ከኋላ ሳቅ ሆነ። ለካ የት እንደምወርድ ነው የሚጠይቀኝ! ነገሩን ስነግረው እሱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ እየጮኸ ሲያወራኝ ጳውሎስ ደረስን።

ረፋድ፣ ጳውሎስ

ፋርማሲው፣ ጭማቂ ቤቱ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች። እነሱን አልፌ ወደ ክሊኒኬ ገባሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሄለን በልጄ ዕድሜ ናት፤ ግን አትራራልኝም። መጀመሪያ ሰሞን «ሲያዞረኝ ልቀመጥ?» ብላት፣ «ሲያዞርዎት ነው መንቀሳቀስ ያለብዎት። አንጎልዎ በዓይንዎ፣ በእግርዎና በቀኙ ጆሮዎ በኩል መሥራት የሚለምደው እንደዚያ ነው» አለችኝ። አውራ ጣቴን እያየሁ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ሳዞር፣ ስፖንጅ ላይ ስቆም፣ ስወላገድ፣ ሳለቅስም ከረምኩ። ሰሞኑን ደግሞ ስኳር በፎጣ ጠቅልላ፣ «ይኸው ልጁ» እያለች አሳቅፋ ታስኬደኛለች።

ዛሬ አንድ አዲስ ሰው አገኘሁ፤ ጋሽ ተስፋዬ። የእኔው ዓይነት ዕጢ አለባቸው፤ ገና አልወጣላቸውም። ሰውነታቸው አስቀድሞ እንዲለምድ ከአሁኑ እየተለማመዱ ነው።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ እህቴ። ከዚያ በኋላ መሄድ ይቻላል?»

ስኳሩን አንስቼ ታቀፍኩና ኮሪደሩን ይዤ፣ ጭንቅላቴን ወደ እሳቸው እያዞርኩ ሄድኩ። መሃል ላይ ትንሽ አንገዳገደኝ፤ ተስተካክዬ ተመለስኩ።

«ጌታ ይባረክ!» አሉ፤ እንባቸው ቀደማቸው። «እንዲህ ከሆነስ እኔም ለቀዶ ሕክምናው እገባለሁ።»

ሄለን በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «ይሂዱ፣ እትዬ ሰዓዳ። ልጁ ከስኳሩ ይቀላል።»

እኩለ ቀን፣ ዳገቱ

ሌላ ታክሲ ይዤ ዳገቱ ሥር ወረድኩ። ከዚያ በላይ በእግር ነው። ኮብልስቶኑ እዚህም እዚያም ተነቅሏል። መሃል ላይ ደክሞኝ አንዲት ብርቱካን ሻጭ አጠገብ ቆምኩ። የልጅ ልጄን ስም ልናወጣ ነው ስላት ትልቁን ብርቱካን መርጣ፣ «ለአራሷ» ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ደስታ ሳይገፋኝ አልቀረም።

ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው

ድንኳን ተጥሏል፣ ሥጋው ይሸታል፣ ዘመዱ ሁሉ መጥቷል። ሙዘሚል ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ግን አልቀረበኝም። ፋጡማ ልጁን ጓዳ ውስጥ ክንዴ ላይ አኖረችው። ሞቀኝ። ወተት ወተት ይሸታል።

«ፈራሽ?»

«በጣም።»

«እኔም» አለችና ሳቀች።

ወጣሁ። ጫጫታው በአንድ ጆሮዬ ተጋፍቶ ገባ፣ ግቢው ዘመም አለብኝ። ቆምኩ። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙትን ሼህ አየሁ፤ ዓይኔን ከእሳቸው ሳልነቅል፣ እግሬን አፈሩ ላይ እያረጋገጥኩ ሄድኩ። ሼሁ ፊት ስደርስ ልጁ ተኝቷል፤ ምንም አልመሰለውም። ዱዓ አደረጉ፣ ስሙን «ያሲን» አሉት፣ እልልታው ቀለጠ።

የፋጡማ አማት ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። «አምጪው እንግዲህ፣ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ።»

«ቆይ» አልኳት። «ግቢውን አንዴ ልዙርበት።»