የጠንቋዩ ዋስ

ወንድሜ ጠንቋይ የሆነው ለሚስት ብሎ ነው። እንዲህ ስል ይቆጣል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት፣ እዚሁ ላሊበላ፣ የቀበሌያችን ካድሬ አንድ ቴያትር ጽፎ ነበር፤ ጠንቋይ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ሲፈረድበት የሚያሳይ። ጠንቋዩን እጫወታለሁ የሚል ጠፋ። ወንድሜ ግን ቁመቱን ተማምኖ፣ የሚወዳት ልጅም ከሕዝቡ መሀል ሆና ታየኛለች ብሎ እጁን አወጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ለእኔ የደረሰኝ የጠበቃው ቦታ ነበር። ካድሬው ምላሴን ስለሚያውቅ የጻፈልኝ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ "ጓድ ዳኛ፣ ደንበኛዬ ጥፋተኛ ነው። ምሕረትም አልጠይቅለትም።" ጠበቃ ተብዬ ከከሳሹ ብሼ አረፍኩት። ዳኛው ራሱ ካድሬው ነበር።

ነገሩ የከፋው በቴያትሩ ዕለት ጠዋት ነው። እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። የልጅቱ አባት መሪጌታ ናቸው፤ የላክንባቸውን ሽማግሌዎች "እስቲ እናስብበት" ብለው መልሰዋቸው ነበር። እናቴን ደጀ ሰላሙ ላይ አግኝተው "ልጅሽ በጥንቆላ ተከሶ ዛሬ ሸንጎ ይቀርባል አሉ። ሸንጎ ለፈረደበት ሰው ልጄን አልሰጥም" ብለዋታል። ጨዋታ ነው ብላ ብትምል ብትገዘት አልሰሟትም። እሳቸውም አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር ክርክር እንጂ ቴያትር የሚያውቅ አልነበረም፤ ዳኛ ከተቀመጠና ከሳሽ ከቆመ ፍርዱ ፍርድ ነው።

"አንቺ፣ እንግዲህ አውጪኝ" አለኝ ወንድሜ፣ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራለትን ጢም እያከከ። ቀኑን ሙሉ ሲያክ ዋለ።

ድሮ የእህል መጋዘን የነበረው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከስብሰባ መቅረት የማይቻልበት ዘመን ስለነበር ካህናቱም ከፊት ተቀምጠዋል፤ መሪጌታም መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ወንድሜን ያዩታል። ከሳሹ ክሱን አነበበ። ተከሳሹ በረዶ አውርዶ የገበሬ ማኅበሩን ገብስ አስመትቷል፤ ባላባቶቹን በድግምት ሊመልስ አሲሯል፤ ባጭሩ አድኃሪ ነው።

ተነሣሁ። ሁለቱ መስመሮች ጠፉብኝ ብል ውሸቴን ነው፤ እያወቅሁ ዋጥኳቸው።

"ጓድ ዳኛ፣ ጥንቆላ ውሸት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ውሸት ከሆነ ይኼ ሰው በረዶውን በምን አወረደው? እውነት ነው የሚሉን ከሆነ ደግሞ ትምህርቱ ይታረም።"

አዳራሹ ጉም ጉም አለ።

"መሬት የለው፣ በሬ የለው። ባላባት ቢመለስ ምን ሊጠቀም ነው? እንዲያውም ጭቁን ነው።"

"ውነቷን ነው" አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ካድሬው ወረቀቱን ቢያገላብጥ እንዲህ የሚል የለበትም። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ዘሎ "ፍርዱ እስኪነገር ተከሳሹ ይታሰር" አለ። ሁለት ወጣቶች ገመድ ይዘው ሲነሡ ሕዝቡ አብሮ ተነሣ። ዋስ ሳይጠየቅ ሰው ይታሰራል እንዴ? እኔም አጋጣሚውን ያዝሁና "እንደ አገሩ ወግ ደንበኛዬ ዋስ ይጥራ" አልኩ።

ካድሬው የቆመውን ሕዝብ ቃኘና "እሺ፣ ዋስ አለህ?" አለው። ወንድሜ ይኼን አላጠናም። እኔም ከዚህ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም ነበር። ካድሬ ዓይኑን አፍጥጦ እያየ አድኃሪ ለተባለ ጠንቋይ ማን ዋስ ይሆናል? ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ እኔም ፈራሁ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አሉ።

ያኔ አንድን ካህን አድኃሪ ለማስባል ትንሽ ነገር ይበቃ ነበር። ካድሬው ግን እሳቸውንም ሕዝቡንም አየና ቀጠሮ ሰጠ። ቀጠሮው እስከ ዛሬ አልደረሰም። በአጎራባቾቹ ከተሞች በኮንና በሙጃ ሊታይ የታሰበው ቴያትርም እዚያው ቀረ።

በማግስቱ መሪጌታ ቤታችን መጡ። ጨዋታ መሆኑ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው ዛሬም አላውቅም፤ ፊታቸው አይነበብም።

"ዋስ የሆንኩለት ሰው ከዓይኔ መራቅ የለበትም" አሏት እናቴን። "ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ልጄን ያግባና አጠገቤ ጎጆ ይውጣ።"

ወንድሜ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ጋሸና ለመሄድ እንኳ አማቱን ያስፈቅድ ነበር። እኛ "እስረኛው" እያልን ስንስቅበት፣ እሱም አብሮን ሲስቅ ኖረ። ሚስቱ በተጣሉ ቁጥር አባቷ ዘንድ ሄዳ "ዋሱ አንቱ ነዎት፣ ይጠይቁልኝ" ትላለች። እሳቸውም አስጠርተው ይጠይቁታል፤ አንድም ቀን ቸል ብለው አያውቁም።

መሪጌታ አርጅተው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አንድ ቀን ወንድሜን አስጠሩት። እጁን ያዙት።

"ልጄ፣ እንግዲህ ዋስ የለህም" አሉት። "ራስህን ጠብቅ።"

ወንድሜ ደጅ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ጠበቃው እኔም አጠገቡ ቆምኩ።