ሳይሞቱ ያለቀስኩላቸው አብራሪ

ይህ የደረሰብኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ለሰው ሳወራው ግማሹን ሰምቶ ይስቃል። ሁለተኛውን ግማሽ ብዙ ጊዜ አላወራውም፤ ከሆዴ ግን አልወጣ ስላለኝ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

መቱ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ሱሴ በጦርነት ጊዜ የበረሩ የአየር ኃይል ሰዎችን የቆየ ፎቶ እየፈለጉ ማስፈረም ነው። ባለፎቶው በሕይወት ካለ ያለበት ድረስ ሄጄ አስፈርመዋለሁ። ሚስቴ «ምን ይሠራልሃል?» ትለኛለች። ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ከጎሬ ማዶ ባለችው ቡሬ አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ሻምበል» ነው የሚላቸው። ጦርነት ላይ የሞተው ጓደኛቸው እህት ያዮ ከተማ ትኖራለች፤ አንድ ፎቶ የሰጠችኝ እሷ ናት። ሁለት ወጣቶች የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው አውሮፕላን ፊት ቆመዋል። አንዱ ሻምበል፣ ሌላው ወንድሟ ነው። ወንድሟ ከሥሩ ፈርሟል። በሻምበል በኩል ያለው ግን ባዶ ነው።

ወስጄ ሳሳያቸው እንባቸው መጣ። እስክሪብቶ ስሰጣቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ያን ቀን ጠዋት እሱ ፈርሞ ወጣ፤ አልተመለሰም። እኔ ከበረራ በፊት አልፈርምም ብዬ ነው የተረፍኩት። ይቅርብህ።»

«ጋሼ፣ አሁንማ አይበሩም» አልኳቸው።

«ይቅርብህ አልኩህ!»

እኔ እቴ፣ ይቅርብኝ? አራት ጊዜ ቡሬ ተመላለስኩ። አራቱንም ጊዜ ይቅርብህ አሉኝ። በስልክም ነዘነዝኳቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ስደውል ልጃቸው ለሊሴ አነሳች። መስመሩ ይቆራረጣል። «አባባ... አርፈዋል» የሚል ሰማሁ። «መቼ?» ስላት «አሁን፣ ከምሳ በኋላ» አለችና ተቋረጠ። ደጋግሜ ብሞክር እምቢ አለኝ።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ልደርስ የቡሬ መኪና ላይ ወጣሁ። ለለቀስተኛው አሳያለሁ ብዬ ፎቶውንም ያዝኩ። ሳልደብቅ ልናገርና፣ ጎሬን አልፈን ቡሬ እስክንገባ ከሐዘኑ ይልቅ ፊርማው አመለጠኝ እያልኩ ነበር የምቆጨው።

በራቸው ላይ ስደርስ «ጋሼዬን! ጋሼዬን!» እያልኩ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዲት እናት «ማሎ፣ ማን ሞተ?» እያሉ ራሳቸውን ያዙ።

ይሄኔ ሻምበል ጋቢያቸውን ደርበው ከቤት ብቅ አሉ። «ማን ነው የሞተው?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።

ምን ልበል? ለሊሴ ከኋላቸው «አረፍ ብለዋል እኮ ነው ያልኩት» አለች። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሟረትክባቸው ብሎ የተቆጣኝም ነበር።

ሻምበል ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። የተዘቀዘቀ ነጠላዬን ትክ ብለው አዩት። «ለእኛ አረፈ ማለት በደህና ተመለሰ ማለት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው «ፎቶውን ይዘኸዋል? አምጣው። አንዴ ከተለቀሰልኝ ወዲያ ምን እፈራለሁ?» አሉኝ።

እዚያው በቆሙበት ፈረሙልኝ። እስክሪብቶዬን ሲመልሱልኝ ጆሯቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉ። «ሰማኸው?» አሉኝ። ምንም አልሰማሁም። ሰማዩም ጭር ያለ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለሊሴ ደወለች።

«አባባ አረፉ» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። «አሁንስ አልሸወድም። ሲነሱ እደውላለሁ በያቸው» አልኳት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ለቅሶ ይሰማኝ ጀመር።

በእንቅልፋቸው ነው የሞቱት። ልባቸውን ያማቸው እንደነበር ለሊሴ ነግራኛለች፤ ማንም አልወቀሰኝም። ፎቶውን ለእሷ ልስጣት ብዬ ብወስድላት ግን «እኛ ቤት አይገባም» ብላ ከበር መለሰችኝ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም አስፈርሜ አላውቅም።

በቁማቸው ስላለቀስኩባቸው ሻምበል ራሳቸው ይቅር ብለውኛል። አራት ጊዜ ይቅርብህ ሲሉኝ አለመስማቴን ግን ይቅር የሚለኝ ሰው የለም።