የአቶ ደምሰው ጽሑፍ የራሳቸው ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እኔ አንድን ንጹሕ ሰው ሌባ አሰኝቻለሁ። ያሰኘሁትም ስለ ቀናሁ ነው።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ልደታ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ አስተምር ነበር። የሰው ሐሳብ ስትወስዱ የባለቤቱን ስም ጥሩ፣ ቃሉን እንዳለ ስትወስዱ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ፣ ያለዚያ ስርቆት ነው እል ነበር።

ከቅዳሜ ተማሪዎቼ አንዱ አቶ ደምሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ፍርድ ቤቱ በር አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። በልጃቸው ዕድሜ ብሆንም “መምህርት” እያሉ ብድግ ይሉልኝ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማ ካመጡ በጸሐፊነት ሊቀጥራቸው ቃል ገብቶላቸዋል። “ከፀሐይና ከዝናብ ልገላገል ብዬ ነው” ብለውኛል።

የማጠቃለያ ጽሑፋቸው ስለ ሥራቸው ነበር፤ ሰው የሚናገረውና እሳቸው የሚጽፉለት እንዴት እንደሚለያይ። አንዲት እናት “ልጄን ከጉያዬ ነጠቀኝ” ብላ አልቅሳ ትነግራቸዋለች። ማመልከቻው ላይ “የልጅ አስተዳደግን በተመለከተ” ተብሎ ይጻፋል። ታዲያ ጉያዋ የት ገባ? ብለው ይጠይቃሉ። በየገጹ ግርጌ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን አስፍረዋል። እንደዚያ አድርጎ የሰውን ቃል ለባለቤቱ የመለሰ ተማሪ አልነበረኝም። እኔም አድርጌው አላውቅም።

አንብቤ ስጨርስ የራሴ ጥናት ትዝ አለኝ። ለማስተርሴ ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ጥናት ፈታኜ “ሥርዓቱን ጠብቋል” ብሎ ነበር የዘጋው። ከዚያ ወዲህ የከፈተው የለም። እኚህ ሰው ግን ባለጉዳይ እየጠበቁ በጉልበታቸው ላይ የጻፉት ነገር አስለቀሰኝ። ለምን ደስ አላለኝም? አስተማሪያቸው አይደለሁም? ደስ አላለኝም። አንገበገበኝ።

ከመጽሐፍ ገልብጠው ይሆናል አልኩ። ለሁለት ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። ጥርጣሬ አልነበረም፤ ተሰርቆ ባገኘሁት የሚል ምኞት ነበር። አላገኘሁም። ይህን አስምሩበት፤ አላገኘሁም። እያወቅሁ ነው ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው የሄድኩት።

“ከየት ነው የገለበጡት?” አለኝ።

“ምንጩን እየፈለግሁ ነው። የሳቸው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።”

አመነኝ። ለምን አያምነኝ? ስለ ስርቆት የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

ኮሚቴ ፊት ሲጠሩ ካፖርታቸውን ቆልፈው መጡ። ጥፋታቸውን አምነው ከፈረሙ ኮርሱን እንዲደግሙ እንደሚፈቀድ ተነገራቸው። ኮሚቴውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

“መምህርት፣ ያስተማሩኝን ነው ያደረግሁት። የሰዎቹ ስም አለ። ግማሾቹ አሁንም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ናቸው፤ ልጥራቸው?”

ይጥሩ ብል ያበቃ ነበር። “የቃል ወሬ ምንጭ አይሆንም” አልኳቸው። ውሸት ነበር፤ የቃል ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ ራሴ ነበርኩ ያስተማርኳቸው።

“ያላደረግሁትን አልፈርምም” ብለው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም። ዲፕሎማውም ቀረ፣ ሥራውም ቀረ።

እዚህ ላይ ባቆም ይሻል ነበር። አላቆምኩም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለየአዲሱ ክፍል “አንድ ተማሪ ነበረኝ” እያልኩ የሳቸውን ታሪክ የስርቆት ምሳሌ አደረግሁት። ልጆቹ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ሌባ ያደረግኋቸው አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየሴሚስተሩ ነው። በፍርድ ቤቱ በኩል ሳልፍ ጃንጥላቸውን ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ቆባቸውን አንስተው “ደህና ነዎት መምህርት?” አሉኝ። ደህና ነኝ ብዬ አለፍኩ።

ባለፈው ዓመት ድፍረት አግኝቼ ሄድኩ። በቦታቸው አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

“አቶ ደምሰው? ዓይናቸው ደክሞ ልጃቸው ወሊሶ ወሰደቻቸው” አለችኝ። “ማመልከቻ ነው የፈለጉት? እኔ እጽፍልዎታለሁ።”

“የለም፣ ለሳቸው የምነግራቸው ነገር ነበረኝ።”

“ወሊሶ እኮ ቅርብ ነው” አለች።

አዎ፣ ቅርብ ነው። ጠዋት ተሳፍሬ ከሰዓት ቤቴ እመለሳለሁ። ዓመት ሆነኝ፤ አልሄድኩም። ጽሑፉ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ማንበብ ይችሉ በነበረበት ጊዜ አልመለስኩላቸውም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።